ንዳድና ጣፊያ

መስከረም ጠብቶ ዝናሙ ሲያባራ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ ጥርሱ የሚንገጫገጭ ጎረቤት አይታጣም። ደሙ ተመርምሮ ወባ ነው ቢባልም፣ ያንን ብርድ የሚያመጣበት የገዛ ሰውነቱ ነው።

የወባ ትንኝ ስትነድፍ ተውሳኩ መጀመሪያ ጉበት ገብቶ ሳምንት ያህል ድምፁን አጥፍቶ ይራባል። ሰውየው እህሉን ይበላል፣ ሥራው ላይ ይውላል። ከዚያ ተውሳኩ ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይዞራል። እነሱ ሲፈነዱ የሚዘረገፈውን ኮተት ነጭ የደም ሕዋሳት ያውቁበትና ለአንጎል ይነግራሉ፤ አንጎልም የሙቀቱን ልክ ከፍ ያደርጋል። ሰውነት እዚያ ልክ እስኪደርስ ጡንቻውን እያንቀጠቀጠ ይሞቃል። ጋቢ የሚያስፈልገው ይኼኔ ነው።

በግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ሥር ያለችው ጣፊያ የደም ወንፊት ናት። ተውሳክ የገባበት ቀይ ሕዋስ ይደድራል፤ በጠባቡ ቀዳዳዋ ሲሾልክ ተይዞ ይበላል። ሥራ ሲበዛባት ታብጣለች። የድሮ የወባ ባለሙያዎች አንድ መንደር ምን ያህል ወባ እንዳለበት ለማወቅ የልጆችን ሆድ እየዳሰሱ ያበጠ ጣፊያ ይቆጥሩ ነበር። ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በጣት!

ኩፍኝ አንዴ የያዘውን ሰው መልሶ የማይዘው፣ ሰውነት በሽታውን አይቶ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያበጅና አሠራሩን ስለማይረሳ ነው። ወባ ግን ልብስ ይቀያይራል። ፋልሲፓረም የተባለው ዝርያ በወረረው ሕዋስ ገጽ ላይ የሚያወጣውን ምልክት የሚለዋውጥባቸው 60 ያህል ዘረ መሎች አሉት። እሱን ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል፤ የለመደም ሰው ከሞት ይተርፍ እንደሆን እንጂ ተውሳኩ ከደሙ አይጠፋለትም።

ጋምቤላን በመሰለ ወባ በማይለየው ቆላ፣ ሰው ከልጅነቱ እየተነደፈ ይለምዳል። ጣና ዳር ግን ወባ ወቅት ጠብቆ ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይከፋል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀላል፤ ደም የጀመረውን ትምህርት ሳይጨርስ ይረሳል። ከጣና በስተሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ የዚህን ዋጋ ከፍሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1953 እዚያ ብቻ 7,000 ያህል ሰው አለቀ። በ1958 ወረርሽኙ ወደ ደጋው ወጥቶ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ሕፃን አዋቂ አልለየም፤ አባትም እንደ ልጁ ለበሽታው እንግዳ ነበር። ዛሬም ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ መተማ የሚወርደው ጎረምሳ፣ ክንዱ ምንም ቢፈረጥም፣ ደሙ ከወባ ጋር የሚተዋወቀው እዚያው ሰሊጡ መሀል ነው።