የሳንባ ነቀርሳ ዛሬ የሚያጠቃው ማንን ነው?

በቀድሞ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ወደ አንድ ቤት ሲገባ ብዙ ሰው «የዘር ነው» ይል ነበር። በሽታው ግን ዘርን አይከተልም፤ አንድ ጣሪያንና የታፈነ አየርን ነው እንጂ። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የበሽታውን ተሐዋሲ ለይቶ ያስታወቀው በ1874 ዓ.ም. ነበር።

ተሐዋሲው ከገባባቸው ሰዎች መካከል በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ ናቸው፤ በቀሩት ውስጥ እንደ ተኛ ይኖራል። እንግዲህ የሚጠየቀው የተኛውን የሚቀሰቅሰው ምንድር ነው የሚለው ነው። ዱሮ ራብና ጥበት ነበሩ፤ ዛሬም አልቀሩም። ኤች አይ ቪ በአገራችን ሲዛመት ግን ነቀርሳው ለሥራ የደረሰውን ጎልማሳ ይለቅም ጀመር፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው የመታመሙ ዕድል ከሌላው ከዐሥር እጥፍ በላይ ነውና። የቫይረሱ መድኀኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠቱ ይህን ጉዳት አቀለለው። አሁን ደግሞ በየከተማው እየበዛ የሄደው የስኳር በሽታ አደጋውን ሁለትና ሦስት እጥፍ ያደርጋል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት ማረሚያ ቤትም፣ እውነቱን ለመናገር የቆሎ ተማሪ ጎጆና የጠበልተኛ ማደሪያም፣ መስኮታቸው ሊታሰብበት ይገባል።

መልኩም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ሳል ሁለት ሳምንት ሲያልፍ መመርመር እንደሚገባ ብዙዎች ያውቃሉ፤ ቫይረሱ ባለበት ሰው ግን ሳሉ ቀላል ሊሆን፣ አክታውም ተሐዋሲውን ላያሳይ ይችላል። በአንገት ላይ የሚወጣው ንፍፊትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነቀርሳ ነው፤ «ብርድ ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ።

ሕክምናው በተለመደው ስድስት ወር ነው። በሽተኛው በሁለተኛው ወር ሲሻለው ያቋርጣል፤ መድኀኒት የማይበግረው ነቀርሳ ከሚወለድባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ለማከም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2001 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት አገራችንን ይህ ዐይነቱ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር አወጣት። የበሽታው ሸክም ከከበደባቸው አገሮች መካከል ግን ገና አልወጣችም።

ጠበል የጀመረ ሰው ኪኒኑን መተው አለበት የሚለውን ወሬ እኛ አንቀበለውም። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኀኒትና ጠበል አብረው ይወሰዱ ዘንድ ተናግረዋል፤ ለነቀርሳውም ያው ነው።

በቤት ውስጥ አንድ ሰው በዚህ በሽታ ሲያዝ ሌላው ቤተሰብ ሁሉ ይመርመር። ያልታመሙት፣ ይልቁንም ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት፣ የመከላከያ መድኀኒት አላቸውና ከጤና ጣቢያው ይጠየቅ።