«ሴቶች» ስንል የትኞቹን ሴቶች ማለታችን ነው?

«ፌሚኒዝም» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን ከምዕራቡ ዓለም የመጣ አንድ ወጥ ትምህርት አድርገን እናስበዋለን። ይሁን እንጂ ይህንኑ ትምህርት አጥብቀው የሞገቱ የእስያና የአፍሪካ ሴቶች አሉ። አስተሳሰባቸው «ድኅረ ቅኝ ግዛት ፌሚኒዝም» ይባላል። የእኛ መመዘኛ የእግዚአብሔር ቃል ስለሆነ በሁሉ ነገር አንስማማቸውም። ያነሡት ጥያቄ ግን ቤተ ክርስቲያንንም ይመለከታል።

ጥያቄው ምንድን ነው?

ትውልደ ሕንዳዊቷ ምሁር ቻንድራ ሞሃንቲ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ብዙ የምዕራብ ጸሐፊዎች የድኻ አገር ሴቶችን ሁሉ ያልተማሩና ረዳት የሌላቸው አድርገው እንደ አንዲት ሴት ይሥሏቸዋል ስትል ተቸች። ጭቆና የለም ማለቷ አልነበረም። የገጠሯና የከተማዋ፣ የባለጠጋዋና የድኻዋ ሸክም ስለሚለያይ ቀርበን እንየው ማለቷ ነበር።

ለሴቶች መቆርቆር የቅኝ ገዢዎች መሣሪያ የሆነበትም ጊዜ አለ። ከ1883 እስከ 1907 በግብፅ የእንግሊዝ ዋና ባለ ሥልጣን የነበረው ሎርድ ክሮመር የግብፅ ሴቶችን መሸፋፈን የኋላ ቀርነት ምልክት ነው እያለ ይነቅፍ ነበር። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ግን የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዳያገኙ የሚታገል ማኅበር መሪ ሆነ።

በሁለት ወገን የተገፋች እህት

ከዚህ አስተሳሰብ መምጣት መቶ ዓመት ቀድሞ ጉዳዩን በሕይወቷ ያሳየች አንዲት ክርስቲያን አለች። ፓንዲታ ራማባይ በ1858 ከብራህማን ቤተ ሰብ ሕንድ ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿን በረሃብ ዘመን አጣች፤ ባሏም ሞቶባት ሴት ልጅ ይዛ ቀረች። በ1883 እንግሊዝ አገር ሳለች ተጠመቀች።

የአገሯ ሰዎች ሃይማኖቷን በመለወጧ ተቆጡ። የእንግሊዝ ጳጳሳት ደግሞ ወንዶችን ማስተማሯን ተቃወሙ። እርሷ ግን ክርስቶስን መከተል እንግሊዛዊት መሆን እንዳልሆነ ተረድታ ነበርና በኅሊናዋ ጸናች። አገሯ ተመልሳ መበለቶችንና የረሃብ ተጎጂዎችን ሰብስባ አስተማረች፤ ሙያም አስያዘች። መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ማራቲ ቋንቋ ተረጎመች። እርሷ ራሷ መበለት ስለነበረች መበለቶቹ ምን እንደጎደላቸው የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

ቃሉ ምን ያሳየናል?

የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7ን እናስተውል። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ለመበለቶች በየቀኑ ምግብ ይታደል ነበር። ሆኖም ግሪክ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉ። ከዕብራውያኑ ጋር በመበለትነታቸው አንድ ቢሆኑም በቋንቋቸው ይለዩ ነበር፤ የተጎዱትም በዚሁ ልዩነት ነው። ሐዋርያት «መበለቶችን እየረዳን አይደለም ወይ?» ብለው አልተከራከሩም። ማጉረምረሙን ሰምተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑ ልብ ይባል። ገላትያ 3፥28 በክርስቶስ አንድ መሆናችንን ያውጃል፤ ይህ አንድነት ግን የተዘነጋችውን እህት እንድንፈልጋት እንጂ እንድንረሳት አያደርገንም።

ወደ ራሳችን ስንመጣ

የእህቶች ጉባኤ ቅዳሜ ከሰዓት ሲጠራ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛዋ እህት ትመጣለች። ልጆቿን የምትጠብቀው የቤት ሠራተኛ ግን አማኝ ሆና ሳለች ቤት ትቀራለች። ታዲያ «እህቶች ተሰብስበዋል» ስንል የትኞቹን ማለታችን ነው? በቤሩትና በዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንስ? ስለ እነርሱ እንጸልያለን፤ ገንዘብ ሲልኩም እናመሰግናለን። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ግን ራሳቸውን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ አንታይም።

ስለዚህ ሽማግሌዎችና የእህቶች አገልግሎት መሪዎች ሆይ፣ የሚቀጥለውን መርሐ ግብር ከማውጣታችሁ በፊት እስከ ዛሬ ያልመጣችውን እህት ፈልጋችሁ የሚመቻትን ሰዓት ጠይቋት። አሳቧንም ሌላ ሰው ሳይሆን እርሷ ራሷ ትናገር።