«አዲሱን ጫንልኝ»፦ ተረትና እውነታ

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በአንዱ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው አንድ ልመና ደጋግሞ ይሰማል፦ «ወንድሜ፣ አዲሱን ዊንዶውስ ጫንልኝ።» ላፕቶፑ ደቡብ አፍሪካ ካለ ወንድም የተላከ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራበት። ችግሩ «አዲስ» ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፤ ተፈትኖ ለሕዝብ የወጣ አዲስ አለ፣ ገና እየተሠራ ያለም አለ።

ቁጥሩ ከፍ ያለው ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው እምነት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት «ኢንሳይደር» በሚለው ፕሮግራሙ «ዴቭ» እና «ቤታ» እያለ የሚለቃቸው ዊንዶውሶች ስህተት እንዲገኝባቸው የተለቀቁ ናቸው። የሚጭናቸው ሰው ፈታኝ ነው፤ ያውም ደመወዝ የሌለው። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ከሚያሠራው ከሊኑክስ ቤተሰብ ዴቢያን ነገሩን በግልጽ ከፍሎታል፦ የተረጋጋ፣ በፈተና ላይ ያለ፣ ያልተረጋጋ። የመጨረሻው ቋሚ ስሙ «ሲድ» ነው፤ «ቶይ ስቶሪ» በተባለው ፊልም አሻንጉሊት የሚሰባብረው ልጅ ስም። ከዚህ በላይ ማስጠንቀቂያ ከየት ይመጣል?

«የተረጋጋው ግን አሮጌ ነው፤ ለሰርጎ ገብ ክፍት ነው» የሚሉ አሉ። የሆነውን እንይ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል አለው። ሲቆፍር «ኤክስዜድ» በተባለ ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። ያ የተበከለ ቅጂ የዴቢያን ፈተና ላይ ያለውና ያልተረጋጋው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የተረጋጋው ዴቢያን ውስጥ ግን አልደረሰም። አሮጌ የተባለው ነው የተረፈው።

ደግሞስ የተረጋጋ ማለት የተረሳ ማለት አይደለም። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናው ብቻ ተወስዶ በነባሩ ፕሮግራም ላይ ይለጠፋል፤ ሌላው ነገር ግን አይነካም። ትናንት የሠራው ፕሪንተር ዛሬም ይሠራል። እንዲያውም መካከለኛ ነው ተብሎ የሚመረጠው የፈተናው ዴቢያን የደህንነት ጥገና ከሁለቱም ዘግይቶ የሚደርሰው ጊዜ አለ። አዲስ የተረጋጋ ከመውጣቱ በፊት ለወራት አዲስ ነገር መቀበል ይቆማል፤ ስህተት ማረም ብቻ ይቀጥላል። ቆጮ ከጉድጓድ ያለጊዜው እንደማይወጣ ለሚያውቅ ለሀዲያና ለከምባታ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም።

«የአማርኛ ፊደል በደንብ የሚሠራው በአዲሱ ነው» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ የተረጋጋውም አማርኛ ያውቃል፤ ሀዲይኛና ከምባትኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት።

ከሁሉ የሚያስከፍለው ግን «ካልወደድኩት እመልሰዋለሁ» የሚለው ነው። ከ«ዴቭ» ወደ መደበኛው ዊንዶውስ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ፎርማት አድርጎ እንደገና መጫን ግድ ይላል። አንድሮይድ ስልክም መደበኛው ቅጂ ሳይወጣ ከቤታ ሲወጣ ውስጡ ያለው ይጠፋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ላለው ሰው ይህ የደንበኞቹ ማመልከቻና ቃለ ጉባኤ ነው፤ ለተማሪው የዓመት ሥራ ነው። ሁሉንም በሞባይል ዳታ እንደገና ማውረዱ ሲጨመርበት አስቡት።

የሙከራው ቅጂ ለማንም አይሆንም እያልኩ አይደለም። ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ በትርፍ ማሽን ላይ ቢጭነውና ስህተት ሲያገኝ ለሠሪዎቹ ቢያሳውቅ ጥሩ ነው። እንጀራ የሚገኝበት ኮምፒውተር ላይ ግን አልመክርም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው የሙከራ ቅጂ ከሚያሳድድ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 የደህንነት ጥገና የሚያገኘውን ሌላ ሊኑክስ፣ ኡቡንቱ 24.04ን፣ ቢሞክር ይሻለዋል።

ላፕቶፓችሁን ከጥገና ቤት ስትረከቡ ከስክሪኑ በስተቀኝ ግርጌውን እዩ። «ኢቫሉዌሽን ኮፒ» የሚል ጽሑፍ ካለ የተጫነላችሁ የሙከራው ነው፤ ሒሳብ ሳትከፍሉ መልሱት።