ባዮፕሲው «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል» ሲባሉ

ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አካባቢ ትንሽ ብልቃጥ በፌስታል ይዞ የሚጣደፍ ሰው አይተው ይሆናል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከሕመምተኛው አካል ተቆርጦ የተወሰደ ናሙና ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ የሚጠብቀው አንድ መልስ ነው፦ «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» አንዳንዴ ግን «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» ይባላል። ይህን ሲሰሙ ቢደነግጡ አይገርምም። ይሁንና አባባሉ በራሱ የክፉ ዜና ምልክት አይደለም።

ናሙናው ምን ይደረጋል?

ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ከቆየ በኋላ በቀለጠ ሰም ተይዞ ይጠጥራል። ከዚያም በስለት በስሱ ይቆረጣል፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ከ3 እስከ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙውን ጊዜ መልሱ ይገኛል። አንዳንድ ዕጢዎች ግን በመልክ ስለሚመሳሰሉ ከደም ሥር ይነሱ ከሌላ ቦታ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ቡኒው ምልክት

የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ሲዲ 31 የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ይህን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በላብራቶሪ ይዘጋጃል። ናሙናው ላይ ሲጨመር ፕሮቲኑ ያለበት ቦታ በቀለም ቡኒ ሆኖ ይወጣል። አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ማምረት የተቻለው ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 ባስተዋወቁት ዘዴ ሲሆን፣ በ1984 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ቡኒ ቀለም ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። በሕፃናት ቆዳ ላይ ወጥቶ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚከስመው ቀይ የደም ሥር እብጠትም፣ አደገኛው የደም ሥር ካንሰርም ቡኒ ይሆናሉ። ምርመራው የዕጢውን መነሻ ይጠቁማል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። ካፖሲ ሳርኮማ ሲጠረጠር ደግሞ በሽታውን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚለይ ሌላ ምርመራ ይታከላል። በናሙናው ውስጥ ያሉት ጤናማ የደም ሥሮች እንኳ ቡኒ ካልሆኑ ምርመራው አልሠራም ማለት ስለሆነ መደገም አለበት።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

• ናሙናውን ራስዎ እንዲያደርሱ ከተሰጡ በተሰጠዎት ብልቃጥ ሳይከፍቱ በዚያው ቀን ያድርሱ። ውኃም ሆነ አልኮል አይጨምሩ። ፎርማሊን ውስጥ ከልክ በላይ ሲቆይ ፕሮቲኑ ሊደበቅ ይችላል።

• ሐኪምዎን «ይህ ምርመራ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል? ውጤቱስ ሕክምናውን ይለውጣል?» ብለው ይጠይቁ።

• ምርመራው በሁሉም ላብራቶሪ ስለማይሠራ ቦታውን፣ ዋጋውንና የሚወስደውን ጊዜ አስቀድመው ይወቁ።

• በሰም የተያዘው ናሙና የት እንደተቀመጠ ይጠይቁ። በቂ ከሆነ ከእርሱ እንደገና ተቆርጦ ሊመረመር ስለሚችል ሕመምተኛው ዳግመኛ ቢላዋ ሥር ላይገባ ይችላል። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ሲፈልጉም ናሙናውን ከመጀመሪያው ውጤት ጋር ይዘው ይሂዱ።