«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እና ዘጠኙ ጥያቄዎች

እንበልና እርስዎ የልደታ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነዎት። ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሲበዛብዎት በሰፈርዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ወይም ሪፈር ተጽፎልዎት ወደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ዘለቁ። ካርድ አውጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው ተራዎ ደረሰ። ባለሙያዋ የደም ግፊትዎንና ሙቀትዎን ከለካች በኋላ አንድ ወረቀት አውጥታ ትጠይቅዎት ጀመር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ እንዴት ነበር? ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል? ምግብስ ይበላልዎታል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። «እኔ የመጣሁት መድኃኒት ፍለጋ፤ ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርጋል?» ብሎ ያስባል። አስቦም አያበቃም፤ ቶሎ ለመገላገል ሲል ለሁሉም ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጣል፦ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን»።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ መልስ ላይ ነው። ምክንያቱም ያ ወረቀት ወግ ለመጠየቅ የተዘጋጀ አይደለም፤ መለኪያ ነው። የደም ግፊትን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ስኳርን የሚለካ አለ። ሀዘንን፣ ሕመምን፣ ከስትሮክ በኋላ ልብስ የመልበስ አቅምን የሚለካ ማሽን ግን የለም። በዚህ ቦታ መጠይቁ ራሱ መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ዛሬ የጠየቀችዎት ነርስና ከወር በኋላ የሚያይዎት ሐኪም የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀው፣ አንድ ዓይነት ነጥብ መዝግበው፣ መሻልዎንና አለመሻልዎን ማወዳደር ይችላሉ። መሣሪያው የሚሠራው ግን በእርስዎ መልስ ነው። ለደም ግፊት መለኪያው ክንድዎን ካልሰጡት እንደማይለካው ሁሉ፣ መጠይቁም እውነቱን ካልሰጡት የሚያነበው ነገር የለውም።

በሰፊው ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ በባለሙያዎች ዘንድ «ፒ.ኤች.ኪው. ዘጠኝ» እየተባለ የሚጠራው የድባቴ መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነ ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ፍላጎት ማጣትን፣ መከፋትን፣ እንቅልፍን፣ ድካምን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ራስን መውቀስን፣ ትኩረት ማጣትን፣ የእንቅስቃሴ መፍዘዝን ወይም መቅበጥበጥን፣ በመጨረሻም የሞት ሐሳብን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፦ ጨርሶ ካልነበረ 0፣ አንዳንድ ቀን ከሆነ 1፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቀናት ከሆነ 2፣ በየቀኑ ለማለት የሚቻል ከሆነ 3። ሲደመር ከፍተኛው 27 ነው። 5 ቀላል፣ 10 መካከለኛ፣ 15 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ 20 ደግሞ ከባድ የሚባለው ደረጃ መነሻ ነው።

እንግዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ዓይኑን ያልከደነ ሰው «ተመስገን፣ እተኛለሁ» ሲል ከወረቀቱ ላይ 3 ነጥብ ፋቀ ማለት ነው። ስለ ምግብ ሲጠየቅ «ደህና ነው»፣ ስለ ድካም ሲጠየቅ «ሥራ ነው እንጂ ሌላ የለም» ካለ 14 የነበረው ነጥብ 5 ይሆናል፤ ሰውየውም የራስ ምታት ክኒን ይዞ ይመለሳል። ባህላችን መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ሲጠየቁ ምስጋና ማስቀደም ጨዋነት ነው። ፈጣሪን አመስግኖ «ሌሊቱን ግን አልተኛም» ብሎ መቀጠልም ይቻላል፤ ምስጋናው አይቀርም፣ ነጥቡም አይጠፋም።

ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠየቀው ላይ አንድ ነገር እናክል። በፆም ወቅት አለመብላትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ለየቅል ናቸው። ቤት ውስጥ የሚበላ በመጥፋቱ አለመብላትም እንዲሁ። የሚጠየቁት ሆድዎ ምግብ ይሻ እንደሆነ ነው። በፆም ላይ ከሆኑ ይህንኑ ለባለሙያው ይንገሩ፤ አለዚያ ያልነበረ ነጥብ ሊጻፍ ይችላል።

«ታዲያ ይህ ከውጭ የመጣ ወረቀት ለእኛ ይሠራል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። በአገራችን በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል 926 አዋቂ ታካሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ የመጠይቁን ውጤት ባለሙያዎች ካደረጉት የሥነ አእምሮ ምርመራ ጋር አነጻጽሮ ነበር። መቁረጫው 10 ነጥብ ሲሆን፣ በእርግጥ ድባቴ ካለባቸው ሰዎች መካከል መጠይቁ 86 በመቶውን ለይቷል። ድባቴ ከሌለባቸው መካከል ደግሞ «የለባቸውም» ብሎ በትክክል ያለፋቸው 67 በመቶውን ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። ድባቴ ካለባቸው 100 ሰዎች 14ቱ በመጠይቁ አልተያዙም። ድባቴ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 33ቱ «ይኖርባቸዋል» ተብለው ተያዙ። ስለዚህ 10 እና ከዚያ በላይ ማምጣት ማለት «ታመሃል» የሚል ፍርድ አይደለም፤ «ይህን ሰው ተረጋግቶ የሚያነጋግረው ሐኪም ያስፈልገዋል» ማለት ነው። ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ በደም ማነስም፣ በሳንባ ነቀርሳም፣ በእንቅርት ዕጢ መዛባትም ሊመጡ ይችላሉ። ከስልክ ላይ መጠይቁን አውርደው ራሳቸው ሞልተው፣ ራሳቸው ደምረው፣ ራሳቸው መድኃኒት ለመግዛት ፋርማሲ የሚሄዱ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው።

ዘጠነኛው ጥያቄ ለብቻው መነሳት አለበት። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎት እንደሆነ ይጠይቃል። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ እንደ ነውርም፣ እንደ ኃጢአትም ቆጥሮ «ኧረ በጭራሽ!» ይላል። አንዳንድ ቤተሰብም ጥያቄው ራሱ ሐሳቡን ያመጣል ብሎ ይሰጋል። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብቻውን ተሸክሞት ለነበረ ሰው መናገሪያ በር ይከፍትለታል። በዚህ ጥያቄ ላይ ከ0 በላይ ከመለሱ ድምሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ ባለሙያው ዝም ብሎ ሊያልፍዎት አይገባም። ካለፈዎትም እርስዎ አይለፉት፤ ደግመው ይንገሩት። እንዲህ ያለ ሐሳብ የበረታበት ሰው ቤትዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ወደ ወላዶች እንለፍ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድባቴ ለመለየት በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤዲንብራ መጠይቅ ሲሆን አሥር ጥያቄዎች አሉት። ይህ መጠይቅ በኢትዮጵያ የገጠመው ነገር አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ በቡታጅራ አካባቢ ገጠር የተደረገ ጥናት መጠይቁ እዚያ ላሉ እናቶች በደንብ እንደማይሠራ አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በ«አዎ» እና በ«አይደለም» የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች ያሉት ሌላ መጠይቅ በልጦ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመና በአዲስ አበባ የተደረገ ጥናት ደግሞ ያው የኤዲንብራ መጠይቅ ለከተማዋ እናቶች በጥሩ ሁኔታ እንደሚያገለግል አረጋገጠ። አንድ አገር፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለት ውጤት። በሁለቱ መጠይቆች መካከል ያለው አንዱ ልዩነት፣ የዓለም ጤና ድርጅቱ «ራስዎን ያምዎታል ወይ?» ብሎ ከአካል መጀመሩ፣ የኤዲንብራው ግን ሆን ብሎ የአካል ሕመምን ትቶ ስለ ስሜት ብቻ መጠየቁ ነው። ጭንቀቷን በራስ ምታትና በልብ ምት የምትናገር እናት የትኛው ላይ እንደምትታይ መገመት አያዳግትም።

ለዚህም ነው መጠይቅ መተርጎም ደብዳቤ እንደመተርጎም ቀላል ያልሆነው። አንዱ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይወስደዋል፤ ከዚያ ሁለቱ ይመሳከራሉ። «መከፋት»፣ «መጨነቅ»፣ «ድብርት» እና «ሆድ መባስ» አንድ አይደሉምና። ጥያቄው ካልገባዎት «አልገባኝም» ማለት ሙሉ መብትዎ ነው። አማርኛ የማይቀናው ቤተሰብ ይዘው ከሄዱም በሚቀናው ቋንቋ እንዲጠየቅ ያሳስቡ፤ ያልተረዳውን ጥያቄ በግምት እንዲመልስ አይተዉት።

አሁን ደግሞ ከስትሮክ በኋላ ወደሚደረገው የማገገሚያ ሕክምና እንምጣ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ በአሜሪካ ሜሪላንድ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው የባርቴል መለኪያ ነው። አሥር የዕለት ተዕለት ተግባራትን ያያል፦ መመገብ፣ ገላ መታጠብ፣ ፊት መታጠብና ማበጠር፣ መልበስ፣ ሰገራ መቆጣጠር፣ ሽንት መቆጣጠር፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገር፣ መራመድ እና ደረጃ መውጣት። ድምሩ ከ100 ነው።

እዚህ ላይ ስህተቱ በአብዛኛው ከታካሚው አይመጣም፤ ከአስታማሚው ነው። አባት ቀኝ ጎናቸው ደክሟል። ባለሙያው «ራሳቸው ይበላሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ልጅ ፈጠን ብሎ «አዎ፣ ራሳቸው ነው የሚበሉት» ይላል። የአባቱን ክብር መጠበቁ ነው። ነገር ግን እውነቱ እናት እንጀራውን ቆርሰው፣ ጠቅልለው በግራ እጃቸው ላይ ያስቀምጡላቸዋል። ይህ በመለኪያው ላይ «በእገዛ» ነው እንጂ «ራሱን ችሎ» አይደለም። መለኪያው የሚመዘግበው ሰውየው በየቀኑ የሚያደርገውን ነው፤ «ቢፈልግ ይችላል» የሚባለውን አይደለም። በክብር ስም የተጨመረች እያንዳንዷ ነጥብ ባለሙያው የቀኝ እጅ ልምምዱን ቀንሶ ወደ ሌላ እንዲያተኩር ልታደርገው ትችላለች። በተቃራኒው፣ በከዘራ እየተደገፉ ሰው ሳይዛቸው የሚራመዱ ከሆነ ራሳቸውን ችለው እንደሚራመዱ ይቆጠራል፤ ከዘራ አያሳፍርም፣ ነጥብም አያስቀንስም።

ወረቀቱ የማይጠይቀውን ደግሞ እርስዎ ይንገሩ። የቤትዎ መጸዳጃ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው? ከሌሎች አባወራዎች ጋር የጋራ ነው? የሚኖሩት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው? ሆስፒታል ውስጥ አምስት እርከን ወጥቶ ወርዶ ጥሩ ነጥብ ያገኘ ሰው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲደርስ ሌላ ፈተና ሊጠብቀው ይችላል። የመለኪያው አዘጋጆች ራሳቸው 100 ያመጣ ሰው ብቻውን መኖር ይችላል ማለት እንዳልሆነ ጽፈዋል፤ ምግብ ማብሰልና ከቤት ወጥቶ መገበያየት በአሥሩ ውስጥ የሉም። በእኛ አገር ታክሲ ተጋፍቶ መሳፈርንም መጨመር ይቻላል።

በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምትሰሟት አንዲት ቁጥርም አለች። የመኪና አደጋ የደረሰበት ዘመድዎ «ጂ.ሲ.ኤስ. ስምንት ነው» ሲባል ከ15 መሆኑን ያወቀ ቤተሰብ «እንኳን ከግማሽ አለፈ» ብሎ ሊጽናና ይችላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት የግላስጎው ሐኪሞች ያወጡት የንቃተ ሕሊና መለኪያ ነው። ለዓይን መግለጥ እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ይሰጣል። ዝቅተኛው ግን 0 ሳይሆን 3 ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ የሚባለው የጭንቅላት ጉዳት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሰምተው አይደሰቱ፣ አይደንግጡም፤ «ከትናንቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ብለው ይጠይቁ። ጉዳተኛው የሚናገረው ቋንቋ ሌላ ከሆነ፣ ወይም ቀድሞም መስማት የሚቸግረው ከሆነ ለሐኪሙ ወዲያው ይንገሩ፤ የንግግር ነጥቡ ያለአግባብ ዝቅ ሊል ይችላል።

በሕፃናት ካርድ ላይ የሚጻፈው አፕጋርም እንዲሁ በስህተት ይነበባል። በተወለደ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ የሕፃኑን የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ምላሽና የቆዳ ቀለም አይቶ ከ10 የሚሰጥ ነጥብ ነው። ያን ጊዜ ሕፃኑ እርዳታ ይሻ እንደነበር ይናገራል እንጂ ትምህርት ቤት ገብቶ ስንት እንደሚያመጣ አይናገርም። ከአንዳንድ እናቶች አንደበት የሚሰማው «ልጄ ሰባት ነበር ያገኘው፣ ለዚህ ይሆን የሚፈዘው?» የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም።

ሕመም ሲጠየቁ፣ 0 ምንም፣ 10 ሊታሰብ የሚችለው ከባድ ሕመም ነው። የሚነጻጸሩት ከጎረቤትዎ ወይም «ከእኔ የባሰ አለ» ከሚሉት ሰው ጋር ሳይሆን ከራስዎ ጋር ነው። ትናንት 8፣ ዛሬ መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ 5 ካሉ ሐኪሙ የሚፈልገውን አገኘ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ መጠይቁ ሲወጣ ጥቂት ነገር ያድርጉ። አስታማሚዎ ስለሚሰማ የሚያፍሩበት ነገር ካለ ለብቻዎ እንዲጠየቁ ይጠይቁ፤ ማንበብ ከከበደዎት ይነበብልዎ። ሲጨርሱ ነጥቡ ስንት እንደሆነና ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከቀኑ ጋር በቀጠሮ ወረቀትዎ ጀርባ ላይ ይጻፉት። ሌላ ሆስፒታል ሲሄዱ ካርድዎ አብሮዎት ላይሄድ ይችላል፤ ያቺ ወረቀት ግን በኪስዎ ትገባለች።