የቲምን ማሳደግና የአባቱ ስም



በአቃቂያችን በኩል ያልፍ የነበረው የጅቡቲ ባቡር በ1916 ዓ.ም. አርባ የአርመን የቲሞችን ወደ አዲስ አበባ አምጥቷል። ወላጆቻቸው ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ በኦቶማን አገዛዝ በተፈጸመው እልቂት ያለቁባቸው ናቸው። ገዥዎቹ ሙስሊም ነን ባዮች ስለነበሩ ነገሩን ሸፋፍነን አናልፈውም፤ ግፍ ግፍ ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ልጆቹን ኢየሩሳሌም ባለው የአርመን ገዳም አገኟቸው፤ ፓትርያርኩንም አስፈቅደው አመጧቸው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ። እኛን የገረመን፣ ባዕድ አገር አሳደጋቸው እንጂ አርመንነታቸውን አልወሰደባቸውም።

ወደየቤታችን እንምጣ። የቲም ያስጠጉ ደጋግ ቤተሰቦች ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ በአባቱ ስም ቦታ የራሳቸውን የሚያስገቡ አሉ። ከፍቅር ነው፤ ግን አይፈቀድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያሳደጉት ዘይድ «የሙሐመድ ልጅ» ይባል ነበር። የአላህ ትእዛዝ ሲወርድ ዘይድ ኢብን ሓሪሣ ወደሚለው ስሙ ተመለሰ፤ የነቢዩ ፍቅር ግን ቅንጣት አልጎደለበትም።

ስሙ የተለወጠበት ልጅ ከአባቱ ወገን የሚደርሰው ውርስ ይጠፋበታል፤ ሳያውቅ የሥጋ እህቱን ሊያገባም ይችላል። ከንብረታችሁ እንዲደርሰው ከፈለጋችሁ በሕይወት ሳላችሁ ስጡት፤ አለበለዚያ እስከ ሲሶ ድረስ ተናዘዙለት። ስሙን ቀድማችሁ የለወጣችሁም ካላችሁ፣ አባቱ ማን እንደነበር ከጎረቤት ሳይሰማ እናንተው ንገሩት።