አየር ያጣ አፈር

ነቀምቴ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ጊምቢና አሶሳ የሚያልፈውም፣ ወደ በደሌ የሚወርደውም ከባድ መኪና እዚህ ቆሞ ዘይት ይቀይራል። የተቃጠለው ዘይት ብዙ ጊዜ የሚደፋው ጋራዡ አጥር ሥር ነው። ቀዩ የወለጋ አፈር እዚያ ጠቁሮ፣ እንደ ሬንጅ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ።

ከእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ማንኪያ አፈር ወስጄ ባክቴሪያ አራባለሁ፤ ሥራዬ ነው። ኮሎኒዎቹ ሳህኑ ላይ ሲያድጉ ነጫጭ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ካቴኮል በውኃ በጥብጬ ስረጭባቸው ግን በደቂቃዎች ውስጥ አንዳንዶቹ እንደ እርድ ቢጫ ይሆናሉ። ስንት ዓመት አይቼው አልጠገብኩትም። ካቴኮል ስድስት ካርቦኖች በቀለበት የተያያዙበት ውህድ ነው፤ ቢጫው ቀለም ያ ቀለበት መሰበሩን ይመሰክራል።

በተቃጠለ ዘይት ውስጥም ለመፍረስ የሚያስቸግሩት ባለቀለበቶቹ፣ አሮማቲክ የምንላቸው ናቸው። ሱዶሞናስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ቀለበቱን የሚከፍቱት ዳይኦክሲጅኔዝ በሚባል፣ ብረት ባዘለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ተቀብሎ ሁለቱንም አቶሞች ውህዱ ውስጥ ያስገባል፤ ቀለበቱ ይከፈታል፤ ስብርባሪው ለባክቴሪያው ምግብ ይሆናል። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሃያይሺ እ.ኤ.አ. በ1955 ከተለመደው በሚከብድ፣ ስለዚህም መከታተል በሚቻል ኦክሲጅን ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ኦክሲጅኑ ከውኃ ሳይሆን ከአየር እንደሚመጣ።

የኛም ችግር እዚሁ ላይ ነው። አንድ አንጋፋ መካኒክ «መምህር፣ ክረምቱ ያጥበዋል እኮ» አሉኝ። የወለጋ ክረምት ብርቱ ነው፤ ሆኖም ዘይቱን ወደ ጅረት ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም። የቀረው አፈር ደግሞ ውኃ ጠግቦ፣ በጎማ ተረግጦ አየር ያጣል። ባክቴሪያዎቹ ውስጡ አሉ፤ ኢንዛይሙንም መሥራት ይችላሉ፤ ያለ አየር ግን እጃቸው የታሰረ ነው።

ከመካኒኩ ጋር ጥቂት የጠቆረ አፈር በዶማ ቆፍረን ከዝናብ ከለልነው። ዘይት ካርቦን እንጂ ናይትሮጅን እምብዛም ስለሌለው የበሰበሰ ፍግ፣ አፈራችን አሲዳማ ስለሆነም ጥቂት ኖራ ጨመርንበት። በየሳምንቱ ያገላብጡታል፤ ሽታው እየቀነሰ ነው። በዘይቱ ውስጥ ያለውን እርሳስና ሌላ ብረት ግን የትኛውም ባክቴሪያ አይበላውም፤ ያንን አፈር ለጎመን መደብ አታውሉት።

ጋራዥ ያላችሁ ወገኖች፣ የተቃጠለውን ዘይት በበርሜል አጠራቅሙ። የፈሰሰበትን አፈር ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ቆፍራችሁ አገላብጡት፤ አየር ይግባበት።